ቤንዚን የምትጠጣው ጣውንቴ

ባለፈው ቅዳሜ ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ የቢቸና መኪና ስጠብቅ አንድ ሽታ ከኋላዬ መጣብኝ። በደንብ ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ ነው። ጣፈጥ ይላል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ነጠላ ላይ ካረፈ ደግሞ እስኪታጠብ አይለቅም። ዞር ሳልል ማን እንደሆነች አወቅሁ። ቀለሟን ነጭ አድርገውታል፤ ከበሯ ጠርዝ ላይ ግን ነጩ ተላጥቶ የድሮው ሰማያዊ ብቅ ብሏል። ፊቷ ላይ የላስቲክ አበባ ታስሮላታል፤ ለሠርግ መሆኑ ነው። የፊት ወንበሯ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ክንዷን በመስኮት አውጥታ ማስቲካ እያኘከች ተቀምጣለች። ያን ወንበር አውቀዋለሁ። ቆዳው በቀኝ በኩል የተቀደደ ነበር፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን አይቼ ቀናሁ። ይህን ስጽፍ ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

እኔ የቢቸና ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጆቼን አስተምሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዘንድሮ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሞጣ እየተመላለስኩ የቅዳሜ ተማሪ፣ ያውም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ከልጆቼ እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ መምህሩ የሚለውን አንድም ሳላስቀር እጽፋለሁ። ስለዚህ እዚህም ላይ መጠንቀቅ እፈልጋለሁ፤ በትክክል የማላስታውሰውን አስታውሳለሁ አልልም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። የማውቀው ሴቱ ሁሉ ትከሻው እብጥ ያለ ቀሚስ የሚያሰፋበት፣ ወንዶቹ የቴትረን ሱሪያቸውን በከሰል ካውያ አስተኩሰው እጥፋቱን ላለማበላሸት ቆመው የሚያወሩበት ጊዜ መሆኑን ነው። አንድ ቀሚስ ሰፍቼ በማገኘው ዶሮ ከነቅመሙ ይገዛ ነበር። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሲጨምር ደግሞ የሚጨምረው በሳንቲም ነበር፤ ያም ሆኖ እናማርር ነበር።

እኔና ባለቤቴ ታከለ ከመናኸሪያው ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ፣ ከወፍጮ ቤቱ መለስ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እሱ የሂሳብ መምህር ነው። እኔ በረንዳው ላይ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና እሰፋለሁ። ማዶ ካለው ሙዚቃ ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት እየተገላበጠ ይዘፈናል፤ ያ ካሴት ሲያልቅ ምሳ ሰዓት መድረሱን እናውቅ ነበር። ዚግዛግ የምትሰፋ አዲስ የስፌት መኪና ልንገዛ ገንዘብ እያጠራቀምን ነበር። ታዲያ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር የነበረ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ንብረቱን ደብረ ማርቆስ ላይ በጨረታ ሸጠ። ታከለ "ማርቆስ ስብሰባ አለብኝ" ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ጎማዋ እስከ ወገቤ የሚደርስ አሮጌ የመስክ መኪና እየነዳ መጣ። የእኔ ዚግዛግ በእሷ ሆድ ውስጥ ገብታለች።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸበል ረጯት። ሰው ሁሉ "ይባርክላችሁ" ይለኛል፤ እኔ በረንዳው ላይ መርፌ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። በዚያው ግቢ ከጎናችን የምትኖር ሲስተር ከድጃ የምትባል ነርስ ነበረች። ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ምላሷ የማያርፍ፣ እኔ ግን እንደ እህቴ የማያት ሴት ናት። አጠገቤ መጥታ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

"እልል በይ እንጂ የሺ! ጣውንት እኮ ነው የመጣብሽ።"

"የምን ጣውንት?"

"እያት እስቲ እንዴት እንደሚዳብሳት! አንቺን እንዲህ ሲዳብስሽ አይቼ አላውቅም።"

"የት ሆነሽ ልታዪ ኖሯል?"

"አንድ ግድግዳ ነው ያለን እህቴ። ቢዳብስሽ እሰማ ነበር።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም በሰፈሩ "የየሺ ጣውንት" ሆነ። ገበያ ስወጣ "ጣውንትሽ ደህና አደረች?" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም ነበር። ምክንያቱም እውነት ነበር። ታከለ ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ፊቱን ሳይታጠብ ኮፈኗን ከፍቶ አንገቱን ያስገባል። ካንዴላዎቿን አንድ በአንድ አውጥቶ ጥቀርሻቸውን ይፍቃል፣ ይነፋቸዋል፣ መልሶ ይሰካቸዋል። ለትራስ ልብስ ብዬ ያስቀመጥኩትን የፖፕሊን ቁርጥራጭ መጥረጊያ አደረገላት። ዕቃ ሲበላሽባት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ ይመጣላታል፤ ለኔ ከአዲስ አበባ የመጣልኝ ነገር አልነበረም። የቢቸና ብርድ ሲጠና ደግሞ ማለዳ አልነሳም ትላለች ብሎ እናቴ የሰጠችኝን ባና አውጥቶ ኮፈኗ ላይ አለበሳት። እኔ በረደኝ ስለው "ጠጋ በይ" ነው የሚለኝ። እሷን ሲበርዳት የሱፍ ባና!

ሥራዋ ምን ነበር ቢባል፣ በትምህርት ቀናት ግቢ ውስጥ ትተኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ታከለ ነጋዴ ጭኖ ሞጣ ገበያ ይወስዳል፣ በጥር ሙሽራ ያመላልሳል። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ። አንድ ነገሯን አልክድም፤ ጭቃው ላይ አውቶቡሱ ሲሰምጥ እሷ ልብሷን እንደሰበሰበች ሴት ቀስ ብላ ታልፋለች። ደረቅ ሜዳ ላይ ግን ያለ ምንም ምክንያት ቀጥ ትላለች። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ዋጋ ከፍሎ የሚገፋ ተሳፋሪ በጎጃም ምድር የነበረን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሞጣ ደርሳ ለመመለስ አንድ ጀሪካን ጠጥታ ሌላውን ትጀምራለች። የቀኑ ገቢ መጀመሪያ ወደ እሷ ጉሮሮ ይገባል፤ ቀጥሎ ወደ ጎማዋ፣ ወደ ፍሬኗ፣ ወደ ባትሪዋ። ለእኛ የሚተርፈን ሽታዋ ነበር። ስናገር ታከለ ይቆጣል።

"የቤንዚን ሞተር እኮ ናት! ናፍጣ እንደ ወፍጮ ይንጫጫል። ይቺ ግን ስትነሳ ድምጿ አይሰማም።"

"ስትነሳ ነዋ!" እለዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስቀናኝ የነበረው ግን የፊት ወንበሯ ነው። በአገራችን ልማድ ፊት የሚቀመጠው ትልቅ ሰው ነው፤ ቄስ ካለ ቄሱ፣ ሽማግሌ ካለ ሽማግሌው፣ ሠርግ ከሆነ ሙሽሪት። የባለቤቱ ሚስት እንግዳ አይደለችምና ከኋላ፣ ከጆንያው ጋር ናት። የባሌን ማጅራት እያየሁ ስንቱን መንገድ ሄድኩ። ከፊት ከተቀመጠው ሰው ጋር ሲጨዋወት፣ ሲስቅ እሰማለሁ፤ የሚሉት ግን በሞተሩ ድምፅ ተውጦ አይደርሰኝም። ቤት ስንገባ ደክሞት ዝም ይላል። ወሬው ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ አልቆ ነው የሚመጣልኝ።

በኅዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ተሳልኩ። "ጊዮርጊስ፣ ይቺን መኪና ከቤቴ አውጣልኝ። ዣንጥላ አስገባለሁ፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ።" በእኛ ዘንድ ስለቱ የሰመረለት ሰው ዕቃውን ዝም ብሎ አስረክቦ አይሄድም። በበዓሉ ቀን ስሙና የተሳለበት ነገር በሕዝብ ፊት ይነገርና እልል ይባልለታል። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩትም። ያሰብኩት መውጣቷን ብቻ ነው።

ጥር መጣ። የታከለ ባልደረባ የሆነ መምህር የሞጣ ልጅ አገባ፤ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሙሽሪትን የምታመጣው የእኔ ጣውንት ናት። አበባዋን ከእኔው ሪባን ቆርጬ አሰርኩላት፤ እያሰርኩ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ስንመለስ ፊት ሙሽራውና ሙሽሪት ተቀመጡ። እኔ የቀሚሱ ጠርዝ ቢፈታ ልሰፋ መርፌና ክሬን ይዤ ከሚዜዎቹ ጋር ከኋላ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ጀንበር ሳትጠልቅ ትገባለች ብለው ለሙሽራው ቤት ቃል ገብተዋል። ደብረ ወርቅን አልፈን ሜዳውን ስንይዝ ከኮፈኑ ሥር ጧ የሚል ነገር ሰማን፤ እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። ታከለ ከፍቶ አየና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ቺንጋዋ ተበጥሷል። ማራገቢያዋን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ይግላል፣ ከጋለም ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቀራል። መለዋወጫ የለም። ጀንበሯ ጮቄ ተራራ ላይ ልታርፍ ተቃርባለች። ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች።

ታከለ ዞሮ ዞሮ ዓይኑ እኔ ወገብ ላይ አረፈ። የሐበሻ ቀሚሴን በመቀነት ታጥቄያለሁ፤ ጥጡ የጠነከረ፣ እናቴ ያሸመነችልኝ።

"የሺ" አለኝ።

"አይሆንም" አልኩ፣ ሳይጠይቀኝ።

"ሙሽራዋን እያት እንጂ።"

"ባናዬን ሰጠኋት። ሪባኔን ሰጠኋት። አሁን ደግሞ መቀነቴን ልትለብስ?"

ሚዜዎቹ ሳቁ፤ ሙሽሪት ግን ቀና ብላ አየችኝ። ፈታሁት። ታከለ አጠንክሮ ገመደውና ሊቋጥረው ሲል ተው አልኩት፤ ቋጠሮ ካለው በየዙሩ እየዘለለ ይወጣል። መንኮራኩሩ ላይ አዙረን ጫፍና ጫፉን ደራርቤ፣ አንገቴን ኮፈኗ ውስጥ አስገብቼ፣ በሙሽሪት ቀሚስ ክር ደጋግሜ ሰፋሁት። ያን ዕለት ያየኝ ሰው ልብስ ሰፊ የጣውንቷን ቀበቶ ስትሰፋ አይቷል። ራዲያተሯን ውሃ ሞላናት። ከዚያ ታከለ ሙሽራውን ከኋላ እንዲገባ ለመነውና "ነይ ፊት" አለኝ። "የሙቀቷን መርፌ እያየሽ ንገሪኝ። ቀይ ሳትነካ እንቆማለን።"

በባሌና በሙሽሪት መሃል ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ከፊት አየሁት። ሜዳው እየተከፈተ ይመጣል፤ ጀንበሯ በቀኝ በኩል ቀልታለች፤ ገበሬዎች እህላቸውን ከአውድማ እየሰበሰቡ ቀና ብለው እጃቸውን ያወዛውዙልናል። ታከለ መሪውን እንደያዘ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ያንጎራጉራል ብዬ አላውቅም። ዳገቱ ላይ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" አለ።

"ለማን ነው?" አልኩት።

"ለሁለታችሁም።"

መርፌዋ ቀይ አልነካችም። ጀንበር ስታቆለቁል ቢቸና ገባን። እኔ በዚያ ሠርግ ላይ መቀነት ሳልታጠቅ፣ ቀሚሴ እንደ ጆንያ ተንጠልጥሎብኝ አመሸሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። የማስበው ስለ መጪው ቅዳሜ ነበር። "ፊት ነው የምቀመጠው፤ ሽማግሌውም ቄሱም ይቅር ይበሉኝ" እለዋለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። ለዚያ ቅዳሜ ዓርብ ማታ ሰውነቴን ታጥቤ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ተኛሁ። ታከለ ግን ከእንቅልፌ ሳልነሳ ሄዶ ኖሯል። ማታ በአውቶቡስ መጣ። ከኋላው ሁለት ወዛደሮች ዚግዛግ የምትሰፋ የስፌት መኪና ተሸክመዋል።

"ሸጥኳት" አለኝ። "ሞጣ፣ ለእህል ነጋዴ።"

"ማን ሽጥ አለህ?"

"አንቺ ነሽ እንጂ ማን ነው! ስትጨቀጭቂኝ ከርመሽ? በሠርጉ ላይ ሳይሽ አፈርኩ የሺ። አንቺን እያስፈታሁ እሷን ከማስታጥቅ ትሂድ አልኩ።"

ምን እላለሁ? የተመኘሁት ሁሉ በእጄ ገብቷል። ስለት ደግሞ ስለት ነው፤ ፈለግሁም አልፈለግሁም ይከፈላል። ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ባለ ወርቅ ዘርፍ ዣንጥላ ገዝቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቷል። መሪጌታው ድምፅ ማጉያውን ይዘው የስለቱን ባለቤቶች ይጠራሉ። የእኔን ተራ ስጠብቅ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"መምህር ታከለ! በሞጣ መንገድ ላይ ቀበቶዋ የተበጠሰ መኪናቸው በባለቤታቸው መቀነት ቢቸና በሰላም ስለገባች፣ ዣንጥላ!"

እልልታው ተስተጋባ። ከወንዶቹ መሃል አየሁት፤ እዚያች ሜዳ ላይ እኔ ስሰፋ እሱ ተስሎ ኖሯል። መደበቂያ ሳላገኝ መሪጌታው ቀጠሉ።

"ወይዘሮ የሺ! ይህችው መኪና ከቤታቸው ስለወጣችላቸው፣ ዣንጥላ!"

ከዚያ አንዲት ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ግቢው ሁሉ ተከተላት። መሪጌታው ራሳቸው ድምፅ ማጉያውን ከአፋቸው አርቀው ሳቁና "ጊዮርጊስ ለባልም ለሚስትም አላዳላም! እልል በሉ እንጂ!" አሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ ታከለ እስከ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ድረስ ከፊት ከፊቴ ተራመደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከኅዳር።"

"እኔ ደግሞ ለሚስቴ ብዬ ሸጥኳት ብዬ ስኮራ። ለካ የሸጣት ጊዮርጊስ ነው!"

ከድጃ በራፉ ላይ ሆዷን ይዛ ትጠብቀን ነበር። ድምፅ ማጉያው ግቢያችን ድረስ ይሰማል። "የሺ፣ ጣውንቷን በጊዮርጊስ ያስፈታች ሴት ካንቺ በቀር አላየሁም!" አለችኝ። እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ፤ ታከለ ግን ጓዳ ገብቶ ተኛ።

መኪናዋ ከቤቴ ወጣች እንጂ ከታከለ አልወጣችም። ማለዳ ይነሳና ባዶውን የግቢውን ጥግ ያያል። መናኸሪያ ወርዶ ከሞጣ የመጣ ሹፌር ሁሉ "ያቺ ሰማያዊ እንዴት ናት?" እያለ ይጠይቃል። "ቀለም ቀቧት"፣ "ነጋዴው ለልጁ ሰጣት"፣ "ካርቡራተሯን ቀየሩላት" ይሉታል፤ እሱ እንደ ዘመድ ወሬ ይሰማል። ዚግዛጓ ቀሚስ ስትዘመዝም ግን አንድ ቀን ቆሞ አላያትም። ከድጃ ወደ ደሴ ተዛወረች። ሙዚቃ ቤቱ ስልክ ጥገና ሆነ። መንገዱ አስፋልት ሆኖ ድሮ ቀን ሙሉ የምንገፋበትን ዛሬ አብረውኝ የሚመላለሱት ተማሪዎች በስልካቸው አንድ ፊልም ሳይጨርሱ ይደርሱበታል። ቤንዚንም ሰልፍ የሚያዝበት፣ በውሃ ፕላስቲክ እየተቀዳ በየመንገዱ ዳር የሚሸጥ ነገር ሆነ።

እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ ያየኋት እሷን ነው። ሹፌሩ የዚያ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ ኮፈኗን ከፍቶ አንገቱን አስገብቷል። አላስቻለኝም፤ ጠጋ አልኩት።

"ልጄ፣ በጀሪካን የት ታደርስሃለች?"

"ኧረ አያንሱብኝ እናቴ! የሠርጉን ኪራይ እሷው ጠጥታ ትጨርሰዋለች።"

"ታዲያ ለምን አትሸጣትም?"

ቀና ብሎ እንደ ሞኝ አየኝ። "እንዴት ብዬ? ስትነሳ እኮ ድምጿ አይሰማም።"

"ስትነሳ ነዋ!" አልኩ። ከወንበሩ ላይ ያለችው ልጅም ከእኔ እኩል ያንኑ አለች። ተያየንና ሳቅን፤ ሚስቱ ናት። ባሏ ውሃ ሊቀዳ ሄድ ሲል በመስኮቱ ወደ እኔ ዘመም አለች።

"እናቴ፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሚወደው። እንዲሸጥልኝ ለጊዮርጊስ ተስያለሁ።"

"ተይ ልጄ" አልኳት።

"ምነው?"

"ይሰማሻል።"

አልገባትም። ወደ ቢቸና ሙሽራ ሊያመጡ እንደሚሄዱ ነግራኝ ልትወስደኝ በሩን ከፈተች፤ ከዚያም ከፊት ወንበር ወርዳ ወደ ኋላ ልትሄድ ሆነ። አይሆንም፣ የአንቺ ቦታ ነው ብላት "ነውር ነው፤ ትልቅ ሰው ከኋላ?" ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። አሁን በልማዱ ፊት የሚቀመጠው ትልቅ ሰው እኔ ነኝ። የሰፋሁትን ስንጥቅ በእጄ ዳበስኩት፤ ክሩ አሁንም ይዟል። መንገዱን ሙሉ የልጅቷ ዓይን ማጅራቴ ላይ ነበር። ያን ዓይን አውቀዋለሁ።

ቢቸና አስፋልቱ ላይ ወርጄ በእግሬ ቤት ገባሁ። ታከለ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል። ሳልፈው ቀና አለ።

"ቤንዚን ቤንዚን ትያለሽ።"

"በሷ መጣሁ።"

ማን እንደሆነች አልጠየቀኝም። ሬዲዮውን ዘጋ።

"ቆመች?"

"አንዴም አልቆመች።"

"የት ተቀመጥሽ?"

"ፊት።"

ራት ሳቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። እንዲህ ሲቀና አይቼው አላውቅም፤ ደስ እንዳይለኝ ብሞክርም ደስ አለኝ። ነጠላዬን አውልቄ ለእጥበት ላስቀምጠው ስል ግን ከእጄ ወሰደው። "ተይው፣ አትጠቢው" አለና ከራስጌው ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ እሑድ ስለነበር ልብስ ማጠብ አይቻልም። ሰኞ ማለዳ፣ ታከለ ገና ሳይነሳ፣ ነጠላውን ከራስጌው አውርጄ በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት።